በውቢት ስም

«የለም አልኩ እኮ! አልመጣም። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል» አለች ሲስተር ምስራቅ፣ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ እስከ ሰልፉ ጭራ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ሰልፉ ግን አልተበተነም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረው የቆሙ እናቶች «የለም» ስለተባሉ ብቻ ወደ ቤት አይሄዱም፤ ቤትም ቢሄዱ የሚጠብቃቸው ያው የለም ነው። እያንዳንዷ በእጇ ፌስታል ይዛለች። ፌስታሉ ውስጥ ያለው የተጎዱ ሕፃናት የሚበሉት የለውዝ ቅባት ባዶ ፓኬት ነው፤ ደንቡ ባዶውን ያልመለሰ ሙሉውን አያገኝም ይላል። የወጣውም እናቶች ገበያ አውጥተው እንዳይሸጡት ነው። እናትን ከሌባ ቆጥሮ የሚጀምር ደንብ ነው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ስለቆመው ሰው ግን አንድም ቃል የለውም።

ታንጉት የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማለች። ዘግይታ መጥታ አይደለም። የምትኖረው ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ፣ እዚያው ሲስተር ምስራቅ ቤት ስለሆነ ከማንም ቀድማ መድረስ ትችል ነበር። ምስራቅ የአክስቷ ልጅ ናት። «ዘመድ ስለሆንሽ መጨረሻ ላይ ቁሚ፤ አዳላች እንዳልባል» ብላታለች ገና በመጀመሪያው ሳምንት። ከዚያ ወዲህ ስምንት ሳምንት ሆነ። ታንጉት ስምንቱንም ሳምንት መጨረሻ ላይ ቆመች፤ ተራዋ እስኪደርስ ፓኬት የተረፈው ግን ሁለቴ ብቻ ነው። ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ውቢት ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። የክንድ መለኪያው ጥብጣብ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለው፤ ውቢት ከቀዩ ወጥታ አታውቅም። ሰሞኑን ደግሞ እግሯ ማበጥ ጀምሯል። በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ቶሎም አይመለስም። ያላወቀ ሰው «ልጅሽ ወፈረች» ይላታል።

ሰልፉ እያጉረመረመ ሲበተን ምስራቅ በጓሮ በር ወጥታ ጠራቻት። «ስሚ ታንጉ» አለች፣ ጋዋኗን ከወገቧ ላይ እያላላች። «ትናንት ከጎንደር የገባው ተቆጣጣሪ ዛሬ ሥራውን ጨርሶ እኔ ቤት ነው አረፍ የሚል። ስምንት ሰዓት ላይ ከእጀባው ጋር ይመለሳል። መኪናው ባዶ ነው። እነግረውና አንችንም ልጅሽንም ጎንደር ሆስፒታል ያደርሳችኋል። የመላኪያ ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ። አንች ብቻ ያን ግራኖላ አሳምረሽ ሥሪልኝ።»

ታንጉት ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ቃጣት። «እሽ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው» አለች። ልጆች ሳሉ በለሳ፣ ምስራቅ ለክረምት አያታቸው ቤት ስትመጣ፣ አንቺ እየተባባሉ አንድ ቁርበት ላይ ይተኙ ነበር። አሁን አንቱ ትላታለች። ማንም አላዘዛትም፤ እዚህ ቤት በገባች በሦስተኛው ቀን ምላሷ በራሱ ተለወጠ። ምስራቅም «ምነው አንቱ አልሽኝ?» ብላ አልጠየቀችም።

ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የሚከፈተው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ያውም በወታደር እጀባ። በእነዚያ ቀናት ሚኒባሶቹ የሚያስከፍሉትን ታንጉት አንድ ጊዜ ጠይቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ደግማ አልጠየቀችም። ባሏ ቸሩ ከኮኪት ማዶ ወዳለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ለአጨዳ ከገባ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ስልኩ አይሠራም፤ ከዚያ የሚመለሱት ሠራተኞችም «ደህና ነው፣ አይተነዋል» ከማለት በቀር ይዘው የሚመጡት ነገር የለም። ባለፈው ወር እዚህ ሰልፍ ላይ እንደ ውቢት እግሩ ያበጠ ቢያድግልኝ የሚባል ሕፃን ነበር። አንድ ማክሰኞ እሱም ቀረ፣ እናቱም ቀረች። የት ገቡ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቃልና። እንግዲህ ውቢትን የሚያተርፋት ያ መኪና ነው፣ ሌላ የለም። ታንጉት ከጤና ጣቢያው እስከ ሱቅ የሄደችው ይህንኑ ለራሷ እየነገረች ነው።

ሱቅ የሄደችው ተምር ልትገዛ ነው። ባለሱቋ ዘሊካ ከሱዳን ዕቃ እያመላለሰች የኖረች ሴት ናት። «ተምር? ማፊ!» አለቻት እጇን እያራገፈች። «ከወዲያ ማዶ ጦርነት ነው እኮ፤ የመጣው ሁሉ ኻላስ፣ አለቀ።» የምስራቅን ስም ስትሰማ ግን ከመደርደሪያው ሥር ግማሽ ኪሎ አወጣች። ዋጋው ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ነው። ቸሩ ለዚያ ብር ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ይጎብጣል። ዘሊካ ተምሩን ስትጠቀልል የውቢትን እግር አየችና እጇ ቆመ። ከዚያ አንድ ፍሬ ተምር አንስታ ዘሩን አወጣችና አፏ ውስጥ አደረገችላት። ውቢት አላኘከችውም፤ በጉንጯ ይዛው ቀረች።

«ይችን ልጅ ሐኪም አያያትም?»

«ሐኪም ቤት ነው የምኖር» አለች ታንጉት፣ ተምሩን ተቀብላ ወጣች።

ግራኖላ የሚሉት ነገር እዚህ ቤት የገባው ምስራቅ «ስኳር አለብሽ» የተባለች ጊዜ ነው። ስልኳ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ጭስ አይቶ በማያውቅ ወጥ ቤት ውስጥ፣ አጃና ለውዝ ስታሻሽ አየች። በማግስቱ እንጀራ ከማዕድ ወረደ፣ ጤናማ አመጋገብ ተጀመረ። አጃው ታሽጎ ከጎንደር ይመጣል፣ ማሩ ከቋራ፣ ሰሊጡ ከዚሁ ከቆላው። እንግዳ ሁሉ ቁጭ ከማለቱ ስለ ልብ፣ ስለ ደም ሥር፣ ስለ ሆድ ድርቀት ይሰበካል። ታንጉት መጀመሪያ ያየች ዕለት «ቆሎ በማር ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ምስራቅ አልሳቀችም። «የናንተ ችግር ይኸ ነው፤ የምትበሉትን አታውቁም» አለቻት። ታንጉት የምትበላውን በሚገባ ታውቃለች፤ የማሽላ ቂጣ ነው፣ ጠዋት ግማሹን፣ ማታ ግማሹን።

መብራት ከትናንት ጀምሮ ስለጠፋ ኦቨኑ የሰሃን ማስቀመጫ ሆኗል። ታንጉት ከሰል አያይዛ ብረት ምጣዷን ጣደች። ወጥ ቤቱ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው፤ ኅዳር ገብቶም ሙቀቱ አልቀነሰም፤ ምጣዱ ሲጨመርበት ላብ ከግንባሯ እየወረደ ዓይኗን ያቃጥላታል። ውቢትን በሩ ላይ ንፋስ እንዲያገኛት ጆንያ ላይ አስተኛቻት። መጀመሪያ አጃውን አመሰች፣ ቀስ ብላ፣ ቀለሙ ሳይጠቁር። ቀጥሎ ለውዙን አምሳ ልጣጩን በመዳፏ አሽታ አነፈሰች። ሰሊጡን የመጨረሻ አደረገችው፤ ሰሊጥ ዓይን ከነሱት አይምርም፣ ጣ ጣ ማለት ሲጀምር ካላወረዱት ይመራል። ሽታው ግቢውን ሞላው። ውቢት አንገቷን አቀናች። ከሳምንት ወዲህ በራሷ አንገቷን ስታቀና ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ታንጉት አየችና ማማሰያውን እንደያዘች አለቀሰች። ግን አልቀመሰችም፣ ለልጇም አላቀመሰችም። በዚህ ቤት የሚሠራ ሰው አይቀምስም፤ ምስራቅ ለውዙን የምታውቀው በኩባያ ለክታ ነው። ዛሬ ደግሞ ምስራቅን የምታስቀይምበት ቀን አይደለም።

ምስራቅ አምስት ሰዓት ላይ መጣች። እስከ ዛሬ ታንጉት አጃና ለውዙን አምሳ ታቀርባለች፣ ሁሉን የሚያያይዘውን ማጣበቂያ የምትለውሰው ምስራቅ ራሷ ናት፣ መኝታ ቤቷን ዘግታ። ዛሬ ጊዜ ስላልነበራት ካርቶኑን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ ወጥ ቤት ድረስ አመጣችው። ታንጉት ካርቶኑን አየችው። ፓኬቶቹን አየቻቸው። ጠዋት አርባ እናት የተመለሰችበት ያ የለውዝ ቅባት ነው፣ አንድ በአንድ ተደርድሮ።

«ምን ታይኛለሽ? ጊዜው ሊያልፍበት ነው፤ የሚጣል ነው» አለች ምስራቅ። «ቫይታሚኑ ሙሉ ነው፤ ከማር ጋር ሲሆን ደግሞ ያያይዘዋል። ሃያ ስምንቱን ክፈችና ለውሽው። በይ ይኸን አድርጊ።» የሕክምና ጓንት ወረወረችላት። «ባለፈው ተምሩን ስትከትፊ ውቢት ጣትሽን ስትጠባ አይቻለሁ። ንጽሕና አይደለም።»

ታንጉት ጓንቱን አደረገች። «ለእኔ ልጅስ?» ለማለት አፏ ተከፍቶ ነበር፤ ከንፈሯ ላይ ሲደርስ መኪናው ትዝ አላት። ዛሬ ስምንት ሰዓት። ጎንደር ከደረሱ እዚያ ይሰጧታል፤ እዚያ ዘመድ የላትም፣ መጨረሻ ላይ የሚያቆማት የለም። ስለዚህ ፓኬቱን በጥርሷ ሳይሆን በመቀስ እየቆረጠች ትጨምቅ ጀመር። ግርጌው ላይ ሆን ብላ ጥቂት ጥቂት ታስቀራለች፤ ምስራቅ ዞር ስትል ውቢት ትልሰዋለች ብላ ነው። ምስራቅ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንዱን ባዶ ፓኬት አንስታ በብርሃን አየችውና «ብክነት አልወድም» አለች። መቀሱን ተቀብላ ፓኬቶቹን አንድ በአንድ ከጎን ሰነጠቀች፣ በሻይ ማንኪያ ጠረገች፣ ማንኪያውን ራሷ ላሰችው። ውቢት ከጆንያዋ ላይ ሆና ማንኪያውን በዓይኗ ትከተላለች፣ ወደ ፓኬቱ ሲወርድ ትወርዳለች፣ ወደ አፍ ሲወጣ ትወጣለች።

«ባዶውን እንዳትጥይ። እጠቢና አድርቂልኝ፣ ይፈለጋል።»

ታጠቡ፣ ደረቁ። ምስራቅ አሥራ አራቱን በአንድ፣ አሥራ አራቱን በሌላ ላስቲክ አሰረች፤ በየእስሩ ላይ ወረቀት ሰክታ በእስክርቢቶ ጻፈች። ታንጉት እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። ብዙ ጽሑፍ ባትወጣም የልጇን ስም ታውቀዋለች። አንደኛው ወረቀት ላይ «ውቢት ቸሩ» ይላል። ሁለተኛውን ፊደል እየለቀመች በከንፈሯ አነበበችው፤ «ቢያድግልኝ አንዱአምላክ» ይላል። የሞተው ልጅ ነው። ከሞተ ወር ያለፈው ልጅ እዚህ ባዶ ፓኬት ይመልሳል። ውቢትም ስምንት ሳምንት ሙሉ ስትበላ ኖራለች፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ታንጉት የጓንቷን ጣቶች እያየች ቆመች።

«ምነው?» አለች ምስራቅ።

«ምንም፣ እትዬ።» ምስራቅ እስሮቹን ይዛ ጓዳ አስገባቻቸው።

ተቆጣጣሪው አቶ ጎሹ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጫማውን በር ላይ ላውልቅ ብሎ የሚከራከር ሰው ነው። ሳሎኑ ሁለት ሶፋና አንድ የማይቀዘቅዝ ፍሪጅ አለው፤ በፍሪጁ አናት ላይ ምስራቅ የሕክምና ዲፕሎማዋን አቁማለች። ታንጉት ውቢትን አዝላ የእጅ ውሃ አስታጠበች። ግራኖላው በብርጭቆ ሳህን፣ ከሥሩ እርጎ፣ ከላዩ ተምር ሆኖ ቀረበ። አምሮ ነበር፤ የሠራችው እጅ ሙያ አለው። «እንዲህ ያለውን አዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል ነው ያየሁት» አለ አቶ ጎሹ። «ስኳር አለው?» ምስራቅ በሁለት እጇ ማለች። «ጠብታ የለበትም! ሁሉም የተፈጥሮ ነው። ይብሉ፣ በሞቴ። እኛ የጤና ሰዎች ራሳችን ካልተጠነቀቅን ሕዝቡን ምን ብለን እናስተምራለን?»

ሦስት ማንኪያ ያህል እንደበላ ውቢት ጀርባ ላይ አቃሰተች። አቶ ጎሹ ቀና አለ። የተንጠለጠለውን እግር አየና ፊቱ ተለወጠ፤ ሙያው ነው። «ይችን ልጅ ዛሬ ጠዋት ካርዷን አላየሁም? ስሟ ማነው?» ታንጉት ነገረችው። ስልኩን አውጥቶ ያነሳቸውን ፎቶዎች ፈለገ። «አዎ፣ ውቢት ቸሩ። ይኸ ነገር ግራ ገብቶኝ ነበር፣ ሲስተር። ስምንት ሳምንት ሙሉ ራሽኗን ወስዳለች፤ ባዶውም አንድ ሳይጎድል ተመልሷል። ክብደቷ ግን ይኸው ወረደ እንጂ አልጨመረም። የት ነው የሚገባው?»

ታንጉት የምስራቅን አንገት አየች፤ የደም ሥሩ ይዘላል። እስከዚች ደቂቃ ድረስ ታንጉት በቂም አላሰበችም፤ ያሰበችው መኪናውን ብቻ ነው። ምስራቅ ግን ነገር ቶሎ የሚመጣላት ሴት ናት። ተነፈሰችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ ገመና ነው፣ አቶ ጎሹ። ዘመዴ ስለሆነች ዝም ብዬ ነበር። እናትየዋ ናት የምትበላባት። ስንት መከርኳት! ርሃብ ክፉ ነው፣ አልፈርድባትም።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ከዚያ ወደ ታንጉት ዞራ፣ እንደ እህት ቀስ ብላ፣ «አይደል ታንጉ? ንገሪው፣ አትፍሪ። መኪናው እኮ ሊሄድ ነው» አለቻት።

መኪናው። ታንጉት ይህን ቃል ሰማች፣ ሌላውን ሁሉ አልሰማችም። አይደለም ብትል ወረቀቱን ማን ይጽፋል? አዎ ብትል ምን ይሆናል? ሌባ እናት መባል ነው። ይባልላት። ሌባ ሆና ጎንደር ትድረስ።

«አዎ ጌታዬ» አለች። «እኔ ነኝ የበላሁት። ርቦኝ ነው።»

አቶ ጎሹ አልተቆጣም። እንዲያውም ቀለል አለው። «እሰየው! እኔ ሌላ ሕመም ኖሮባት መስሎኝ ነበር። እንግዲያው ልጅቷ የጎደላት ምግብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።» ምስራቅ ቃሏን ጠበቀች፣ ያንን እንኳ መመስከር ያስፈልጋል። «ወደ ጎንደር ይዘዋት ቢሄዱ ብዬ ነበር፣ መኪናው ክፍት ነው ብለው…» አለች። አቶ ጎሹ ራሱን ነቀነቀ። «ምን ልታደርግ? እዚያ አልጋ ሞልቶ መሬት ላይ ነው የሚተኙት። ምክንያቱ ታውቆ እያለ ቦታ ማጣበብ ነው። መፍትሔው እዚሁ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ራሽኗ ለእናትየዋ አይሰጥ። በእርስዎ እጅ ይሁን፣ ሲስተር፤ እርስዎው ያብሏት።» ለታንጉትም አባታዊ ምክር ጨመረላት። እናት መጀመሪያ ለልጇ ነው፣ ደግሞም የተመጣጠነ ምግብ ውድ መሆን የለበትም፣ በአካባቢው ያለው ሰሊጥና ለውዝ ይበቃል አላት። ይህን ሲላት ሰሊጡና ለውዙ አፉ ውስጥ ነበሩ።

ታንጉት እጇ ላይ የነበረውን የውሃ ማሰሮ መሬት ላይ አስቀመጠች። «ውሸቴን ነው ጌታዬ!» አለች፣ ድምጿ ከየት እንደወጣ ሳታውቅ። «አልበላሁም! አልሰጡኝም! የልጄ ያ ነው፣ እርስዎ የያዙት! ከአልጋ ሥር ነው የወጣው፣ ዛሬ በእጄ ጨመቅኩት። ጓዳ ይግቡና ይዩት፣ ባዶው በስሟ ታስሮ ተቀምጧል!»

የአቶ ጎሹ ማንኪያ መንገድ ላይ ቆመ። ወደ ሳህኑ አየ። ሙያው ነውና ያንን ጣዕም ያውቀዋል፤ በሠራበት ሃያ ዓመት ውስጥ ስንቱን ፓኬት ለሕፃናት ቀምሶ አሳይቷል። ወደ ምስራቅ አየ። ምስራቅ አልተነቃነቀችም፤ ዓይን ዓይኑን አየችው። ጓዳው አምስት እርምጃ ነው። አምስት እርምጃ ከሄደ ሪፖርት አለ፣ ምርመራ አለ፣ ዛሬ ጠዋት «ሁሉም የተሟላ ነው» ብሎ የፈረመበት ወረቀት አለ፣ እጀባው ያመልጠዋል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ከዚያ ማንኪያውን ወደ አፉ ወሰደና ጎረሰ።

«መጀመሪያ አመነች፣ አሁን ደግሞ ካደች» አለ እያኘከ፣ ለማንም ሳይሆን ለሳህኑ። «ርሃብ ሰውን እንዲህ ነው የሚያደርገው።» ሳህኑን ጨርሶ ሰጠ። ምስራቅ ለባለቤቱ ይሁን ብላ በትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ግራኖላ ሞላችለት፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ በላዩ ወረቀት ሸፍና አሰረችበት። ሲቀበላት ዓይኗን አላያትም።

ታንጉት እስከ ግቢው በር ተከተለቻቸው። ዕቃዋን ጠዋት ቋጥራ ነበር፤ አንድ ጋቢና የውቢት ሁለት ልብስ፣ ቋጠሮው በር ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩ ቋጠሮውን አይቶ «እነማን ናቸው የሚሄዱት?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ጎሹ «ማንም» አለና ከፊት ገባ። ከኋላ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ ረጅም፣ ሕፃን አስተኝቶ እናት የምትቀመጥበት። ሾፌሩ የብርጭቆ ዕቃውን እዚያ አስቀመጠው። መንገዱ ጉድጓድ ስለሆነ እንዳይሰበር ብሎ የወንበሩን ቀበቶ አሰረለት። መኪናው ሄደ። ምስራቅ ከጎኗ ቆመች። «ምሽቱን ሳህኖቹን እጠቢ» አለች። «ነገ ሌላ ቤት ፈልጊ። እንግዳ ፊት ያዋረደኝን ዘመድ አላስቀምጥም።» ጋዋኗን አስተካክላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የከሰዓቱ ሰልፍ እየጠበቃት ነበር።

ታንጉት በሩ ላይ ቋጠሮዋ ላይ ተቀመጠችና ውቢትን ወደ ፊት አዙራ አቀፈቻት። ቀሚሷ ላይ የተቆላ ሰሊጥ ሽታ አለ፣ ጸጉሯ ላይም አለ። ውቢት አሸተተች። የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ፈልጋ ያዘችና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ባላት አቅም ሁሉ ጠባችው። ሌላኛውን ጣት ሞከረች፣ ከዚያም ሌላኛውን። ሁሉንም አዳርሳ ስትጨርስ አወጣችና እጁን አገላብጣ አየችው። ጓንቱ ጥሩ ጓንት ነበር፤ ምንም አላሳለፈም።